ቂብላና ክበብ፦ ቦታን የተከበረ የሚያደርገው ምንድን ነው?

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምናወጋችሁ ሳናስተውለው በየቤታችን ስለገባ አንድ ቅርጽ ነው። በልጆች የቀለም መቀቢያ ደብተር ላይ፣ በመጋረጃና በአልጋ ልብስ ላይ፣ በስልክ መስኮት ላይ እናየዋለን። ክብ ነው። ከመሃሉ ተነስቶ እንደ አበባ እየተከፈተ ወደ ዳር ይሰፋል። ስሙ «ማንዳላ» ይባላል፤ መነሻውም የሕንድና የቲቤት ምድር ነው።

ስለዚህ ቅርጽ በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዱ «ይህ የሌላ እምነት ምልክት ነው፤ ቤታችን ውስጥ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ክብ ጌጥ እኮ ነው፤ በመስጂዶቻችን ግድግዳ ላይስ ተመሳሳዩን እናይ የለም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱን ለማስታረቅ ከስዕሉ ጀርባ ወዳለው ትልቅ ጥያቄ መሄድ ያስፈልጋል። ይኸውም አንድን ቦታ ወይም አንድን ቅርጽ የተከበረ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ በአዳማና በመልካሳ ለምንኖር ሩቅ አይደለም። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚወስደው መንገድ በመልካሳ በኩል ያልፋል። ለዚያራ ወደ ድሬ ሸይኽ ሑሴን የሚጓዘው ሰው ብዙው በደጃችን አልፎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስለ ተከበረ ቦታና ስለ መንገደኛ ልብ ማውራት ስለ ደጃችን ማውራት ነው።

ማንዳላ ምንድን ነው?

«ማንዳላ» በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ክብ ማለት ነው። በቡድሂስቶች ዘንድ ግን ከጌጥ በላይ ነው። የአንድ ቤተ መንግሥት የወለል ካርታ ነው ብንል ያስኬዳል። ውጪው ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን አለ፤ በአራቱም አቅጣጫ በር አለው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ በእምነታቸው ከፍ አድርገው የሚያዩት አካል ምስል ወይም ምልክቱ ይቀመጣል። አማኙ ቁጭ ብሎ ስዕሉን እየተመለከተ በሐሳቡ ከዳር ተነስቶ በሩን አልፎ ወደ መሃል ይገባል። ስለዚህ ማንዳላ ለነርሱ በዓይንና በሐሳብ የሚደረግ ጉዞ ነው።

የቲቤት መነኮሳት ይህንኑ በቀለማት በተነከረ አሸዋ ይሠሩታል። ቀጭን የብረት ቀንድ መሳይ ማፍሰሻ ይዘው፣ ጎኑን በሌላ ብረት እየፋቁ፣ አሸዋውን በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባሉ። ሥራው ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል። ሲጠናቀቅ ግን አያስቀምጡትም። ጠርገው ወደ መሃል ይሰበስቡትና ወስደው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩታል። የዚህ ዓለም ነገር ሁሉ ጠፊ መሆኑን ለራሳቸው ለማስታወስ ነው።

በእግር የሚሄዱበት ማንዳላም አለ። በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት «ቦሮቡዱር» የሚባል በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ሕንጻ ይገኛል። ዘጠኝ እርከኖች አሉት፤ ታችኞቹ ስድስቱ አራት ማዕዘን፣ ላይኞቹ ሦስቱ ክብ ናቸው። ከሰማይ ሲታይ አንድ ትልቅ ማንዳላ ይመስላል። መንገደኛው በየእርከኑ እየዞረ፣ በግድግዳው የተቀረጹትን 2672 ሰሌዳዎች እያየ ወደ ላይ ይወጣል።

ዱንያ ጠፊ መሆኗን፣ ሰው በዚህች ዓለም መንገደኛ መሆኑን እኛም እናምናለን። ቁርኣንም ሐዲስም ይህን ደጋግመው ያስተምሩናል። ታዲያ ልዩነታችን የት ላይ ነው? ልዩነታችን ከክቡ መሃል ላይ ነው። መሃሉ ላይ ማን አለ? ልብስ ወዴት ይዞራል? ይህን ይዘን እንቀጥል።

ክብ ቅርጽ የማን ነው?

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ክብ ቅርጽ የማንም እምነት የግል ንብረት አይደለም። ጨረቃን ክብ አድርጎ የፈጠራት አላህ ነው። አበባን ከመሃሏ ወደ ዳር እንድትፈነዳ ያደረገውም እርሱ ነው።

በቤታችን ያለውን ሰፌድና ሞሰብ እንመልከት። እናቶቻችን ስፌት ሲጀምሩ ከዳር አይጀምሩም። ስንደዶውንና አክርማውን ይዘው ከመሃል አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ያበጃሉ፤ ከዚያ ዙር በዙር እያሰፉ ይሄዳሉ። ቀለም የገባበትን አክርማ በየተወሰነው ርቀት ሲያስገቡ ከመሃሉ ኮከብ ይወጣል። በሐረር ደግሞ ይህ ጥበብ የቤት ክብር ነው። በሐረሪዎች ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከሚወጣው «ነደባ» ከሚባለው መቀመጫ በላይ በግድግዳው ላይ እነዚህ ክብ ስፌቶች ተደርድረው ይሰቀላሉ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ቢያያቸው «ማንዳላ» ሊላቸው ይችል ይሆናል። ለሐረሪ እናት ግን የእጅ ሙያ፣ የሠርግ ማዕረግና የእንግዳ መቀበያ ናቸው። ማንም አይሰግድላቸውም፤ ማንም ምስጢራዊ ኃይል አላቸው አይልም።

በመስጂዶች ያለውም ጌጥ እንዲሁ ነው። ሙስሊም ባለሙያዎች የሰውንና የእንስሳትን ምስል ከመስገጃ ስላራቁ ጥበባቸውን በሦስት ነገር ላይ አዋሉት። እነርሱም የቁርኣን ጽሕፈት፣ የተክል ሐረግና የጂኦሜትሪ ቅርጽ ናቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በስዕል ለሚተዳደር አንድ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲስል እንደመከሩት በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል። በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር የነበረው ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን የጂኦሜትሪ አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሊቁና ግንበኛው አንድ ላይ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ይህን ከልጆቻችሁ ጋር በቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። ኮምፓስ ካለ በኮምፓስ፣ ከሌለ በክርና በእርሳስ አንድ ክብ ሥሩ። የኮምፓሱን ስፋት ሳትለውጡ በክቡ ዳር ላይ እየተራመዳችሁ ምልክት አድርጉ። ስድስት ጊዜ ስትረግጡ ልክ የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ትመለሳላችሁ፤ አይጎድልም፣ አይተርፍም። ነጥቦቹን አንዱን እየዘለላችሁ ስታገናኙ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። በግራናዳ አልሐምራ ቤተ መንግሥት የሚታዩት ሰውን የሚያስደምሙ ግድግዳዎች ከእንዲህ ያለ ቀላል ጅማሬ የተነሱ ናቸው። ልጁ «ይህን ልክ ማን አደረገው?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ፈጣሪ የምትነግሩበት በር ተከፈተላችሁ ማለት ነው።

የኛ መሃል

አሁን ወደ መሃሉ እንመለስ። ሙስሊሞችም ትልቅ ክበብ አለን። ከካዕባ አጠገብ የሚሰግዱ ሰዎች በዙሪያዋ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ከነርሱ ኋላ ሌላ ክብ፣ ከዚያም ሌላ ክብ ይከተላል። ክበቡ ከመስጂደል ሐራም ወጥቶ፣ ከተሞችንና ባሕሮችን ተሻግሮ፣ መላዋን ምድር ይሞላል። በመልካሳ መስጂድ የሚቆመው ሶፍ የዚሁ ክበብ አንድ ቁራጭ ነው።

ለእኛ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። መካና የኛ አካባቢ በምድር ካርታ ላይ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከመልካሳና ከአዳማ ቂብላ ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ርቀቱም በአየር 1450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረር ለሚኖሩ ወንድሞቻችን ከሰሜን አሥር ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ፣ ጅማ ለሚኖሩት ደግሞ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።

የቤታችሁን ቂብላ ያለ መሣሪያ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፀሐይ ራሷ በዓመት ሁለት ጊዜ ታሳያችኋለች። በግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6፡18 ሰዓት፣ እንዲሁም በሐምሌ 9 ቀን ከቀኑ 6፡27 ሰዓት ላይ ፀሐይ ልክ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የኛና የመካ ሰዓት አንድ ነው። በዚያች ደቂቃ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ አቁሙ። ጥላው ከመካ በተቃራኒ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። በሐምሌ ደመና ሊጋርዳት ስለሚችል የግንቦቱ ይሻላል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ክበብ መሃል ያለው ምንድን ነው? ካዕባ ውስጥ ምስል የለም። ጣሪያውን የሚሸከሙ ሦስት ምሰሶዎችና የተንጠለጠሉ መብራቶች አሉ እንጂ የሚመለክ ነገር የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በስምንተኛው ዓመተ ሒጅራ መካን ሲከፍቱ በዙሪያዋ የነበሩትን ጣዖታት አስወገዱ። የሙስሊሙ ዓለም ሁሉ የሚዞርበት መሃል ባዶ ቤት ነው። ልብ የሚዞረው ወደ ቤቱ ጌታ ነውና።

ይህንን ይበልጥ የሚያስረዳን ሌላ ታሪክ አለ። ሙስሊሞች ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ወራት ያህል ወደ በይተል መቅዲስ ዞረው ይሰግዱ ነበር። ከዚያ አላህ ወደ ካዕባ እንዲዞሩ አዘዘ። ድንጋዩ ራሱ ቢመለክ ኖሮ አቅጣጫው ሊለወጥ አይችልም ነበር። የተለወጠው አቅጣጫ ነው፤ የሚመለከው ጌታ ያው አንድ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ሐጀረል አስወድን ሲስሙ ድንጋይ መሆኑን፣ እንደማይጠቅምና እንደማይጎዳ እንደሚያውቁ፣ የሚስሙትም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲስሙ ስላዩ ብቻ እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። በእስልምና ቦታን የተከበረ የሚያደርገው አላህ ማክበሩና በውስጡ እርሱ ብቻ መወሳቱ ነው። ለዚህ ነው ምድር በሙሉ ለዚህ ኡማ መስገጃ የተደረገችው። በስምጥ ሸለቆ መንገዶች ዳር ድንጋይ በመደርደር ብቻ የተከለለ መስገጃ ስታዩ አትናቁት። ጉልላት የለውም፤ ምንጣፍ የለውም። አቅጣጫ ግን አለው። ሹፌሩና ተሳፋሪው ወርደው ግንባራቸውን ሲደፉበት ያ ቦታ ከብዙ የተንቆጠቆጡ ሕንጻዎች ይልቃል።

ሁለቱ እናቶቻችን በሐበሻ ያዩት

ስለ ተከበረ ቦታ፣ ስለ ስዕልና ስለ ጉዞ ስንናገር አገራችን በሐዲስ ውስጥ ስሟ ተነስቷል። ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ሁለቱም ወደ ሐበሻ የተሰደዱ ነበሩ። በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሕመም ላይ ሳሉ በሐበሻ ያዩትን «ማሪያ» የተባለ ቤተ ክርስቲያን አነሱ፤ ስለ ውበቱና በውስጡ ስለነበሩት ስዕሎችም ተናገሩ። ነቢያችንም ደግ ሰው ሲሞት በመቃብሩ ላይ መስገጃ የመሥራትንና ምስሎችን የማኖርን ልማድ በጽኑ ነቀፉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንያዝ። የመጀመሪያው፣ እነዚያ የነቢዩ ባለቤቶች በስደት አገር ሳሉ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አዩ፤ ውበቱን ውበት አሉት፤ ያዩትንም ተናገሩ። የሌላውን ጥበብ ማየትና ማድነቅ ከእምነት አያስወጣም። ሁለተኛው፣ የረሱል ማስጠንቀቂያ ያነጣጠረው በራሳችን ላይ ነው። ደግ ሰውን መውደድ ቀስ በቀስ ወደ መቃብሩ ማምለክ እንዳያደርሰን ነው ያሳሰቡን።

ጌጥን በተመለከተም ሌላ ታሪክ አለ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለው ልብስ ተሰጣቸው። ለብሰውት ሰገዱ፤ ሲጨርሱ ግን ጥለቱ ከሶላታቸው ሐሳባቸውን ሊወስድባቸው እንደነበር ተናግረው ለሰጣቸው ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አደረጉ። ልብሱን ሐራም አላሉትም። ከቂብላ ፊት ያለ ጌጥ ግን ልብን የሚሰርቅ ከሆነ ቦታው እዚያ አይደለም። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ሚሕራቡን በሚያብለጨልጭ መብራትና በቀለም ከመሙላታቸው በፊት ይህን ታሪክ ቢያስቡት መልካም ነው።

የድሬ ሸይኽ ሑሴን መንገደኛ

ከደጃችን አልፎ ወደሚሄደው መንገደኛ እንመለስ። ሸይኽ ኑር ሑሴን በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በባሌ ምድር እስልምናን ያስተማሩ ዓሊም እንደነበሩ ይነገራል። ድሬ ሸይኽ ሑሴን በኖራ የነጡ ግንቦችና ጉልላቶች ያሉት ሰፊ ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሶፍ ዑመር ዋሻ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከሐረርጌና ከሌሎችም አካባቢዎች ሰዎች ይመጣሉ። ጫፉ ባላ የሆነውን «ኡሌ» የሚባለውን በትር ይዘው፣ ሌሊት በምስጋና ዜማ እያደሩ የሚጓዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

በዚህ ዚያራ ላይ በመካከላችን ልዩነት እንዳለ የታወቀ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር አባትና ልጅ እስከ መኮራረፍ ደርሰውበታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለተለየ ምንዳ ጉዞ የሚደረግባቸው መስጂዶች ሦስት መሆናቸውን ተናግረዋል፤ እነርሱም የመካው፣ የመዲናውና የአል-አቅሷ መስጂዶች ናቸው። ከዑለሞች እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉት በዚህ ተነስተው ለመቃብር ዚያራ ተብሎ የሚደረግን ጉዞ ከልክለዋል። እንደ ኢማም ነወዊ ያሉት ደግሞ ሐዲሱ ስለ መስጂዶች ብልጫ እንጂ ጉዞን ሁሉ ስለመከልከል አይደለም ብለዋል። እኛ በዚህ ፕሮግራም በሁለቱ መካከል ፍርድ ልንሰጥ አልመጣንም። ሁሉም የሚስማሙበትን ግን ማስታወስ ግዴታችን ነው። መቃብርን መዘየር የተፈቀደው ሞትንና አኺራን ለማስታወስና ለሙታን ዱዓእ ለማድረግ ነው። ጠዋፍ የሚደረገው በካዕባ ዙሪያ ብቻ ነው። ሱጁድና ስለት ለአላህ ብቻ ነው። ልጅ የሚሰጥ፣ በሽታን የሚፈውስ፣ ዝናብን የሚያወርድ እርሱ ብቻ ነው። ሸይኹም ሕይወታቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ እንደሆነ ጥርጥር የለንም።

እናቴ ወይም አያቴ ትሄዳለች ብሎ የሚጨነቅ ወጣት ካለ ምክራችን ይህ ነው። በቁጣና በስድብ መንገዷን አትዝጋ። አጠገቧ ተቀመጥና ስለ ተውሒድ በለሰለሰ አንደበት አውራት። የሸይኹን ስም በማዋረድ ሳይሆን ሸይኹ ያመለኩትን ጌታ በማላቅ ጀምር። አሮጊቷ በዚያ መንገድ ላይ ያሳለፈችው የእግር ሕመምና የሌሊት እንባ በውስጡ የአላህ ፍቅር አለበት። የጎደለው አቅጣጫ ማስተካከል ከሆነ አቅጣጫ በፍቅር ይስተካከላል።

የሌላውን ስፍራ፣ የራሳችንንም ስፍራ

በዚህ ዘመን ሌላ ከባድ ነገር አይተናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 በአፍጋኒስታን ባሚያን በተባለ ሸለቆ የነበሩ ሁለት ግዙፍ የቡድሃ ሐውልቶች በባሩድ ፈረሱ። ትልቁ 55 ሜትር፣ ትንሹ 38 ሜትር ቁመት ነበራቸው። እነዚያ ሐውልቶች በሙስሊም ሕዝብ መካከል ከሺህ ዓመት በላይ ቆመው ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን የኖሩ ብዙ ሱልጣኖችና ዑለሞች ሳያፈርሷቸው አልፈዋል። ሊፈርሱ ሲሉም ከሙስሊሙ ዓለም የሄዱ ዑለሞች እንዲተው ተማጽነው ነበር፤ አልተሰሙም። በአንጻሩ በሙስሊም ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በነበረችው ኢንዶኔዥያ ያ የጠቀስነው ቦሮቡዱር እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1982 ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር ድንጋይ በድንጋይ እየተነሳ ታድሷል። የዚያ አገር ሙስሊሞች ድንጋዩን በመጠበቃቸው ቂብላቸው አልተዛነፈም።

ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ቁድስ ሲገቡ የሶላት ወቅት ደረሰ። በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሰግዱ ቢጋበዙም እምቢ ብለው ውጪ ሰገዱ። ምክንያታቸውም ከርሳቸው በኋላ ሙስሊሞች «ዑመር እዚህ ሰግዷል» ብለው ቦታውን እንዳይወስዱት ነበር። ቁርኣንም የአላህ ስም የሚወሳባቸውን ገዳማት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ምኩራቦችና መስጂዶች አንድ ላይ ጠቅሶ ከመፍረስ መጠበቃቸውን ያወሳል።

ይህንን የምንለው የሌላው ሲፈርስ የኛም እንደሚፈርስ ስላየን ጭምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች መታሰቢያ የሆነው በትግራይ የሚገኘው የአል-ነጃሺ መስጂድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በጦርነቱ ወቅት ጉዳት ደርሶበታል። ያንን ዜና የሰማ ሙስሊም ሁሉ ልቡ እንዴት እንደተሰበረ ያስታውሳል። ያን ቀን የተሰማንን ሕመም ሌላውም ስፍራው ሲነካ እንደሚሰማው እንወቅ።

ከጦርነት ሌላ ደግሞ በራሳችን እጅ የሚጠፋም አለ። ሐረር ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ በግንቡ ውስጥ 82 መስጂዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች እንዳሉ ተገልጿል። ከመስጂዶቹ ሦስቱ ከአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚጀምሩ ናቸው። ሌሎች አካባቢዎች ግን እንዲህ የተመዘገበ ነገር የላቸውም። በየገጠሩ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ አያቶቻችን የቀሩባቸው መስጂዶች አሉ። ለጀማዓው ጠብበው ሲገኙ ቶሎ ይፈርሱና በብሎኬት ይተካሉ። ማስፋት አስፈላጊ ነው፤ ጀማዓው በዝናብና በፀሐይ መቆም የለበትም። ነገር ግን ከማፍረስ በፊት አሮጌውን ሚሕራብ ፎቶ ማንሳት፣ መቼና በማን እንደተሠራ ከሽማግሌዎች ጠይቆ መጻፍ፣ የቆዩ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችንና ኪታቦችን በደረቅ ቦታ ማኖር ምን ያስቸግራል? ከተቻለም አሮጌውን ትቶ አዲሱን ከጎኑ መሥራት ይሻላል። ልጆቻችን «እስልምና እዚህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ሲጠይቁ በጣት የምናሳያቸው ግድግዳ ይኑረን።

ለተጓዥ ቤተሰብ

በመጨረሻ ለመንገድ የሚነሳ ቤተሰብ ቢይዛቸው የምንላቸውን ጥቂት ነገሮች እናስታውስ።

አንደኛ፣ ከቤት ስትወጡ ኒያችሁን አስተካክሉ። ዘመድ ለመጠየቅ፣ የአላህን ፍጥረት አይቶ ለማሰላሰል ወይም ለዕውቀት ብላችሁ ውጡ። የጉዞ ዱዓእን ለልጆች አስተምሯቸው።

ሁለተኛ፣ የጥንት መስጂድ ወይም መቃብር ስትዘይሩ ከአላህ ሌላ ማንንም አትለምኑ። ለበረካ ብላችሁ ድንጋይ አትፈንቅሉ፤ ግድግዳ ላይ ስም አትጻፉ፤ አፈር አትዝገኑ። ሺህ ሰው አንድ እፍኝ ቢወስድ የሚቀር ግንብ የለም።

ሦስተኛ፣ ወደ ላሊበላም ሆነ ወደ ሌላ የእምነት ስፍራ ለማየት ብትሄዱ በሥርዓት ቁሙ። ፌዝና ሳቅ አይሰማባችሁ። በአምልኮታቸው አትሳተፉ፤ አምልኮታቸውንም አትረብሹ። በባለቤቶቹ ፈቃድ ብቻ ፎቶ አንሱ።

አራተኛ፣ መጀመሪያ ላነሳነው ጥያቄ። በቤታችሁ ያለው ክብ ጌጥ በመሃሉ የሚመለክ አካል ምስል ወይም የአምልኮ ምልክት ካለው ቦታው የሙስሊም ቤት ግድግዳ አይደለም። ባዶ የቀለምና የመስመር ጌጥ ብቻ ከሆነ ግን ከሰፌዳችን ኮከብ አይለይም። በየትኛው ላይ እንዳላችሁ ከተጠራጠራችሁ በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ። ለልጁ ግን ደብተሩን ነጥቃችሁ አትቅደዱበት። ኮምፓስ ስጡትና ስድስት እርምጃ የምትዞረውን ክብ አሳዩት። ከዚያ እጁን ይዛችሁ ወደ ሰሜን አዙሩትና «የኛ ክበብ መሃል እዚያ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ምስል የለም፤ ጌታው ግን ከየትም ሆነህ ስትጠራው ይሰማሃል» በሉት።

አላህ ልባችንን በቀጥተኛው መንገድ ላይ ያጽናልን። መስጂዶቻችንን ከጥፋት ይጠብቅልን፤ የተጎዱትን ይጠግንልን። በመንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ያድርስልን፤ ወደ ተከበረው ቤቱ ለመሄድ ለሚመኙትም ሐጅን ይወፍቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።